የግል እምነትን በጽሑፍ መግለጽ፦ በጎጃም ለሚኖር የሉተራን ምዕመን

በጎጃም የሚኖር፣ የሉተራን እምነት የምትከተለው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ስለ እምነቱ የሚጠየቀው በጉባኤ ፊት ብቻ ሳይሆን በእድር፣ በለቅሶ ቤትና በዘመድ ማዕድ ላይም ጭምር ነው። ጠያቂዎቹ በኦርቶዶክስ ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር በታወቀበት፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ የቅኔ ጉባኤያት በኖሩበት አገር ያደጉ በመሆናቸው ቃልን መዝነው ይሰማሉ፤ ስለዚህ ምስክርነትን አስቀድሞ በወረቀት አስፍሮ ማጥራት ይጠቅማል።

መነሻ የሚሆነው የጀርመኑ የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ያሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም፣ ማለትም በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ አጭር የእምነት ማስተማሪያ ነው። ሉተር የሐዋርያትን የእምነት መግለጫ ስለ መፈጠር፣ ስለ መዋጀትና ስለ መቀደስ በሚል በሦስት ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ሥር «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅና በራሱ አንደበት ይመልሳል። እርስዎም ሦስቱን ክፍሎች በሦስት ገጽ ራስ ላይ ጽፈው ለዚያው ጥያቄ በራስዎ ቃል ይመልሱ። በመጀመሪያው ገጽ ስለ ፍጥረት በጥቅሉ ከመጻፍ ይልቅ የተሰጠዎትን በስሙ ይጥሩት፤ ሉተር ልብስና ጫማውን፣ ቤትና እርሻውን፣ ከብቱንም ሳይቀር እንደ ዘረዘረ ሁሉ የጎጃም ገበሬም ጤፉንና በሬዎቹን ቢጠራ ከመንገዱ አልወጣም።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ሦስተኛው ገጽ ነው። ሉተር በዚያ ክፍል በገዛ አእምሮውም ሆነ በኃይሉ በክርስቶስ ማመን እንደማይችል፣ መንፈስ ቅዱስ ግን በወንጌል እንደ ጠራው፣ እንዳበራለት፣ እንደ ቀደሰውና በእምነት እንደ ጠበቀው ይመሰክራል። በእኛ ዘንድ የተለመደው ምስክርነት ደግሞ «ወሰንሁ፣ ተቀበልሁ፣ ሕይወቴን ሰጠሁ» በሚሉ ግሶች የተሞላ ነው። ረቂቁን ሲጨርሱ እርሳስ ያንሡና አድራጊያቸው እርስዎ በሆኑት ግሶች ሥር ያስምሩ፤ እግዚአብሔር ያደረጋቸውን ደግሞ ያክብቡ። የተሰመረባቸው ከበዙ ጽሑፉ ስለ ጸሐፊው ብርታት እንጂ ስለ ጸጋ አይናገርም፤ እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራውያን ዋና የእምነት ሰነድ፣ የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ፣ በአራተኛው አንቀጹ ሰው ስለ ክርስቶስ ሲባል በእምነት እንጂ በሥራው እንደማይጸድቅ ካስተማረው ጋርም አይስማማም።

ለምሳሌ «በሃያ ዓመቴ ጌታን አገኘሁ፤ ከዚያ በፊት ክርስቲያን አልነበርሁም» ብላ የጀመረች የቡሬ ሴት እንዲህ ልታስተካክለው ትችላለች፦ «በተወለድሁ በሰማንያ ቀኔ ተጠመቅሁ። እግዚአብሔር ያን ቀን የሰጠኝን ተስፋ እኔ ብዘነጋውም እርሱ አልተወውም። እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ፣ ክርስቶስ ስለ እኔ እንደ ሞተ በተነበበው ወንጌል አሰማኝ። ዛሬም ኃጢአተኛ ነኝ፤ ዛሬም ይቅር ይለኛል።» የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በሥላሴ ስም የተፈጸመን የሕፃናት ጥምቀት ተቀብላ ስለማትደግመው፣ ይህች ሴት ወላጆቿ ያስጠመቋትን ጥምቀት የምትክድበት ምክንያት የለም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም አማኝ በአንድ ጊዜ ጻድቅም ኃጢአተኛም ነው የሚለውን የሉተርን ትምህርት ያለ ማብራሪያ ያስገባዋል። የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት የማያውቅ ምዕመንም ቀን አልፈልግ ብሎ ቢተወው ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ብዙ ምስክርነት የሚበላሸው በዚህ ፍለጋ ይመስለኛል።

ስለ ዘመዶችዎ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲጽፉ፣ ሉተር «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ሲያብራራ ስለ ባልንጀራ መልካም መናገርንና ነገሩን በበጎ መተርጎምን እንዳዘዘ ያስታውሱ። የጋራ ከሆነው፣ ማለትም በጸሎተ ሃይማኖት ከሚነገረው የሥላሴ እምነት መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት በተነጋገረ ጊዜ ሁለቱ ብዙ የሚስማሙበት ነገር አግኝተዋል። ልዩነቱን ግን መሸፋፈን አይገባም፤ በምን ላይ ተስፋ እንደሚያደርጉ በግልጽ ይጻፉ እንጂ ሌላው የማያምነውን እየቆጠሩ አይዘርዝሩ።

ከሦስቱ ገጾች ተጨምቆ የሚወጣው የመጨረሻው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። ሉተር የእያንዳንዱን ክፍል ማብራሪያ የሚዘጋው «ይህ በእርግጥ እውነት ነው» በማለት ነው፤ እርስዎም ጽሑፍዎን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ከየዓረፍተ ነገሩ በኋላ ይህንኑ ይበሉ፤ ለማለት የሚከብድዎትን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙና የቀረውን ለመጋቢዎ ያሳዩ።