ኑጉ አብቧል፣ ንቡስ? ከተፈጥሮ ጋር ስንኖር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዝኃ ሕይወት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዋልያና ቀይ ቀበሮ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጓዳችን ድረስ የሚገባው ነው፤ ዘይቱ፣ ውሃው፣ እህሉ።

አበባ ላይ መድኃኒት መርጨት። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በመስከረም መጨረሻ የኑግ ማሳ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቢጫው ማሳ እንዳለ እዝዝ ይላል። ኑግ በራሱ ብናኝ ብቻ በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ ኑግ የሚያመጣለት ይፈልጋል። አመላላሿ ደግሞ ንብ ናት። አጠገቡ ያለው ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ንቧ ቀፎዋ ደጃፍ ላይ ትረግፋለች። ባለ ቀፎው ማሩን ያጣል። ባለ ኑጉም ምርቱ ይቀንስበታል፤ ምክንያቱን ግን ላያውቀው ይችላል። መርጨት ግድ ከሆነ አበባው ሳይፈነዳ ይሁን። ካልሆነም ንቦች ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ። ለባለ ቀፎውም ቀድሞ መንገር ነው።

ባሕር ዛፍን ደን ማለት። በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ማገዶም ማገርም ሆኖናል፤ ውለታው አይካድም። ምንጭ አጠገብ ግን አይተከል፣ ውሃ ይጠጣል። ደን ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ግቡ። ዝግባው፣ ወይራው፣ ጽዱ ተደበላልቆ ቆሟል። መሬቱ እግር ሥር ይለሰልሳል፤ በበጋ እንኳ እፍኝ አፈር ብታነሱ እርጥብ ነው።

የአገሬውን ዘር ጨርሶ መጣል። ምርጥ ዘር መዝራት ጥፋት አይደለም። ግን የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያጠቃው፣ መቋቋሚያው የተገኘው ከእኛ ገብስ ነው። አባቶቻችን ከጎተራ ለዘር እያስቀሩ ባያቆዩት ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር? ጥቂት ቁናም ቢሆን ለዘር ይቀመጥ።

ለጅብ ብሎ ሥጋ መመረዝ። ያንን ሥጋ ጥንብ አንሳም ይበላዋል። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት ይሰጥ በነበረ ዳይክሎፌናክ በተባለ የህመም ማስታገሻ ምክንያት፣ የታከመውን ከብት ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሶች ሊያልቁ ተቃረቡ። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፤ የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር ጨመረ፤ የእብድ ውሻ በሽታም የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። መርዝ የበላ እንስሳ ሞቶ ካገኛችሁ ሜዳ ላይ አትተዉት፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።