ሰዓቱን የሚቆርጠው ባሕሩ ነው፦ በክረምት ስኔቲሻም ላይ ወፍ ለማየት ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ያየሁት ጭቃ ነው። እስከ አድማስ ድረስ ጭቃ።

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ በባቡር ኪንግስ ሊን ደረስኩ። ከዚያ በአውቶብስ፣ ከዚያ በእግር። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከ300 ሺህ በላይ ወፍ ይከርምበታል በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ስቆም የታዩኝ በጣም ሩቅ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩ። ወፍ ይሁኑ ድንጋይ አልለየሁም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ፣ ቆሎዬን ጨርሼ ተመለስኩ። ብርዱ ግን አብሮኝ ለንደን ድረስ መጣ።

ቦታው ስኔቲሻም ይባላል። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ ዋሽ በሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ዳር ነው። ዊተም፣ ዌላንድ፣ ኔን እና ግሬት ኡዝ የሚባሉ አራት ወንዞች ከባሕሩ የሚገናኙት እዚህ ነው። ጥብቅ ቦታውን የሚያስተዳድረው አርኤስፒቢ የሚባለው የእንግሊዝ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1889 ሲጀመር ላባ ለባርኔጣ ማስዋቢያ እየተባለ የሚደረገውን የወፍ ጭፍጨፋ የተቃወሙ ሴቶች ናቸው ያቋቋሙት።

ክረምት ስል የፈረንጁን ነው። አገር ቤት በዚያን ጊዜ በጋ ነው። ከሰሜን የሚሰደዱ ብዙ ወፎች በእነዚሁ ወራት እነ ዝዋይንና አብያታን ይሞላሉ። ሌሎቹ ግን ያን ያህል አይርቁም፤ እንግሊዝ ላይ ይቀራሉ። ለእኛ አጥንት የሚሰብር ብርድ፣ ከአርክቲክ ለመጣ ወፍ ቆላ መውረድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ ሰውም ይዤ ሄጃለሁ። የእኔን ስህተቶች ሌሎች ሲደግሟቸው አይቻለሁ።

«ሲመቸን እንሄዳለን»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ የእሱ ልጆች ናቸው።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ የዛሬው የጠዋት ሙላት ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ውኃው ሲጎድል ጭቃው በኪሎሜትር ይገለጣል። ጭቃው ውስጥ ትል አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ፣ በዛጎል የተሸፈነ ብዙ ዓይነት ፍጥረት አለ። ወፎቹ ይህን ተከትለው ውኃው ዳር ድረስ ይወርዳሉ። ገበታው ሰፊ ስለሆነ ተበታትነው ይበላሉ። ያን ቀን ያየኋቸው ነጠብጣቦች ምሳ ላይ የነበሩ ወፎች ናቸው።

ውኃው ሲመለስ ገበታው ከእግራቸው ሥር ይነሳል። ትንሽ ይሸሻሉ፣ ይለቅማሉ፣ እንደገና ይሸሻሉ። መቆሚያው እየጠበበ ሲሄድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች አንድ ቦታ ይታጨቃሉ። ሙላቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ጭቃው ጨርሶ ይሸፈናል። ያኔ ሁሉም ብድግ ይላሉ።

ይሄን በቃላት መግለጽ ይከብደኛል፤ ግን ልሞክር። ሰማይ ላይ ነጠላ እንደሚራገፍ ነው። መንጋው ሲዞር ነጭ፣ ሲመለስ ግራጫ ይሆናል። በራሳችሁ ላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ድምፅ ከሩቅ ቆርቆሮ ጣራ እየመታ እንደሚመጣ ዝናብ ነው። ከዚያ ከዳርቻው ጀርባ ወዳሉት ኩሬዎች ይወርዱና ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ኩሬዎቹ የተፈጥሮ አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ጠጠር የወጣባቸው ጉድጓዶች ናቸው።

ማንኛውም ሙላት ግን አይበቃም። በትንሽ ሙላት ጊዜ ውኃው መንገድ ላይ ይቆምና ወፎቹ እዚያው ጭቃው ላይ ይቀራሉ። አርኤስፒቢ ለስኔቲሻም ጥሩ የሆኑትን ቀኖች ከነሰዓታቸው ያወጣል። መጀመሪያ ያን ሰንጠረዥ እዩ፣ ቀጥሎ ለአለቃችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ሙላቱ ጣሪያው ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ዳርቻው ላይ ተገኙ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዋናው መመልከቻ ያለውን 2 ኪሎሜትር ያህል የእግር መንገድም ደምሩበት።

«ስንት ሰዓት? በማን ሰዓት?»

ይሄን ስህተት ከእኛ ሌላ የሚሠራው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ወዳጄን በስልክ «ሙላቱ 2 ሰዓት ላይ ነው» አልኩት። እኔ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ማለቴ ነው። እሱ ደግሞ ሃያ ዓመት እንግሊዝ ኖሮ የሀበሻ ሰዓት የተወ ሰው ነው። እኔ ሁሉንም አይቼ ባቡር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ደወለልኝ። «ኧረ አንተ፣ ባሕሩ የታለ?»

ነገሩ የሚገርም ነው። በሀበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ባሕሩ ከሙላት ወደ ጉድለት የሚወርደውም በ6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሰዓት አቆጣጠር ከተሳሳታችሁ በትንሹ አይደለም የሚያመልጣችሁ። ልክ ተቃራኒው ላይ ትደርሳላችሁ፤ ሙሉ ባሕር ብላችሁ ባዶ ጭቃ። አሁን ለሰው መልእክት ስጽፍ «በፈረንጅ 8፡00፣ በእኛ ጠዋት 2» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ የሙላት ሰንጠረዦች የሚታተሙት በግሪንዊች ሰዓት ነው። በክረምት ችግር የለውም። ከማርች መጨረሻ በኋላ ሰዓቱ ሲቀየር ግን 1 ሰዓት መደመር ሊያስፈልግ ይችላል። የሌላ ከተማ ሰንጠረዥም አይሠራም፤ ሙላቱ ለንደን ብሪጅና ዋሽ በአንድ ጊዜ አይደርስም።

ሙሉ ጨረቃን መምረጥ

ትልልቆቹ ሙላቶች የሚመጡት ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ዘግየት ብለው ነው። ሰው ሙሉ ጨረቃን ይመርጣል፤ ያምራላ። እኔ ግን በክረምት ሁልጊዜ አዲሷን ጨረቃ ነው የምጠብቀው።

ምክንያቱ ዝዮቹ ናቸው። እግራቸው ሮዝ የሆነ ዝዮች በሺህ እየሆኑ ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ይመጣሉ። ሌሊቱን ባሕሩ ጭቃ ላይ ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ እየተንጫጩ በራሳችሁ ላይ ያልፉና ወደ እርሻው ይሄዳሉ። እዚያ የሚበሉት ገበሬው ሹገር ቢት፣ ማለትም ስኳር የሚወጣለትን ሥር ነቅሎ ሲጨርስ መሬት ላይ የሚተወውን ቁርጥራጭ ነው። ሌሊቱ በጨረቃ ከደመቀ ግን ጎሕ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በጨረቃዋ ብርሃን ሄደው ሲበሉ ያድራሉ። እናንተ በብርድ ተንቀጥቅጣችሁ ስትጠብቁ ሰልፉ ሳይኖር ይነጋል። አዲስ ጨረቃ ላይ ግን ዝዮቹንም ትልቁንም ሙላት በአንድ ጠዋት የማግኘት ዕድል አላችሁ።

ዋሽ ላይ ትልቁ ሙላት የሚደርሰው ማለዳና ምሽት አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ገደማ ነው። ስለዚህ ሙላቱን ብቻ አይታችሁ ከሄዳችሁ ትርኢቱ በጨለማ ሊያልቅ ይችላል። የፀሐይ መውጫውን ከሙላቱ ጎን ጻፉት። የማለዳው ብርሃን ሌላም ጥቅም አለው። ስኔቲሻም በምሥራቅ እንግሊዝ ሆኖ ሳለ ፊቱን ያዞረው ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለሆነች ወፎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል።

«ትንሽ ጠጋ ብል ምን አለበት?»

አለበት። ኖት የምትባለውን ወፍ ውሰዱ። ከእርግብ ታንሳለች። ከሰሜን ካናዳና ከግሪንላንድ ባሕር አቋርጣ እዚህ የምትከርመው ለመብላትና አቅሟን ለመቆጠብ ነው። የምግብ ሰዓቷን ቀንና ሌሊት አይወስነውም፤ የሚወስነው ጭቃው ነው። ሲገለጥ ትበላለች፣ ሲሸፈን ታርፋለች። በዚያች የዕረፍት ሰዓት አንድ ሰው ፎቶ ላንሳ ብሎ ሲጠጋት ትነሳለች። እሷ ስትነሳ ጎረቤቷም ይነሳል። ከዚያ አሥር ሺህ ወፍ በላብ ያገኘውን ስብ ሰማይ ላይ ያቃጥላል። ብርዱ በጠናበት ሳምንት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ አሁን ጋደም ያለ ሰው በር እንደ መደብደብ ቁጠሩት። ከእኛ መካከል የሌሊት ፈረቃ ስንቱ ያውቀዋል!

ጭልፊት ቢያስነሳቸው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እንጀራው ነው።

ስለዚህ ግድቡ አናት ላይ ወጥታችሁ ሰማዩን ከጀርባ አድርጋችሁ አትቁሙ፤ ከሩቅ እንደ ምሰሶ ነው የምትታዩት። ዝቅ ብላችሁ ሂዱ። መመልከቻ ጎጆው ውስጥ ስትገቡ በሩን በቀስታ ዝጉ፣ እጃችሁን በመስኮቱ አውጥታችሁ አትጠቁሙ። ከጃኬት ቀለም ይልቅ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ነው የሚያስደነግጣቸው። ድሮን ይዞ መምጣት ጨርሶ ነውር ነው። የወፍ ድምፅ በስልክ እያስጮሁ መጥራትም እንዲሁ።

ጭቃው ላይ መውረድ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከሩቅ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ቦዮች አሉ፤ ውኃው ሲመለስ አስቀድሞ የሚሞላው እነሱን ነው። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ባሕር እያያችሁ ሳለ ከጀርባ ትከበባላችሁ። ጭቃውም እግር ይይዛል።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2004 ማታ፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሞርካም ቤይ በሚባል ወሽመጥ ላይ፣ ዛጎል ይለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ስደተኞች ሙላቱ ደርሶባቸው ሞቱ። አገሩን የማያውቁ፣ ለሚከፈላቸው ትንሽ ገንዘብ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሰበራል።

ከተበጀው መንገድ አትውጡ። ጭቃው ላይ የተያዘ ሰው ካያችሁ ልታወጡት አትውረዱ፤ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን) በሉ።

ዕቃ መግዛት ማብዛት

ሳይሄዱ አስቀድሞ ውድ ካሜራ መግዛት የብዙዎቻችን በሽታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ባይኖኩላር ይበቃል። ላዩ ላይ 8 በ42 የሚል ካያችሁ፣ 8 የሚያቀርብበት መጠን ነው፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 12 ወይም ከዚያ በላይ የሚያቀርበውን ብትገዙ ነፋሱ እጃችሁን ሲያንቀጠቅጠው ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፕ ያላቸው ሽማግሌ እንግሊዞች ጎጆው ውስጥ አይጠፉም። በአክብሮት ከጠየቃችኋቸው ያሳዩአችኋል፤ እኔን እንዲያውም ሻይ ጋብዘውኛል።

ልብስ ደራርቡ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጋቢ ነው። ስቀመጥ ጉልበቴ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ እስካሁን የሳቀብኝ የለም፣ «ከየት ነው የሚገዛው?» ያለኝ ግን አለ። ቆሎውን ለራሳችሁ እንጂ ለወፎቹ አትበትኑ። የሞተ ወፍ ካያችሁ አትንኩ፤ የወፍ ጉንፋን አለ።

በመጽሐፉ ቀለም መፈለግ

ኖት ሙሉ ስሟ ሬድ ኖት ነው፤ ቀይ ማለት። መጽሐፉ ላይ ደረቷ እንደ ሸክላ ቀልቶ ታዩና ቀይ ወፍ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ቀዩ የበጋ፣ የመራቢያ ጊዜ ልብሷ ነው። በክረምት ግራጫ ናት፤ እዚያ ያለው አብዛኛው ወፍም ግራጫ ነው። ከቀለም ይልቅ መንቆሩን እዩ። ከርሉ የምትባለው ወፍ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ መንቆር አላት፤ ጥልቅ ያለውን ትል ታወጣለች። አቮሴት ወደ ላይ የተቀለበሰ አላት። ኦይስተርካቸር ብርቱካንማ ቀይ፣ ጠንካራ መንቆር ይዛ ዛጎል ትፈለቅቃለች። ለአንድ ቀን ሦስቱን መለየት ይበቃል። የኖት መንቆር ደግሞ ጉድ ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ስትወጋው ዛጎሉን ሳትነካው እንኳ የውኃውን ግፊት ለውጥ ጫፉ ላይ ትሰማዋለች።

ትርኢቱ አለቀ ብሎ መሄድ

ወፎቹ ኩሬው ላይ ሲያርፉ ሰው ሁሉ ቴርሞሱን ዘግቶ ወደ ቁርስ ይሄዳል። እናንተ ቆዩ። ውኃው ዞሮ የመጀመሪያው ጭቃ ብቅ ሲል መንጋው መቁነጥነጥ ይጀምራል። አንድ ቡድን ይነሳል፣ ሌላው ይከተላል፣ በጎጆው ላይ ዝቅ ብለው ወደ ገበታቸው ይመለሳሉ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሰዓት ይሄ ነው። ጎጆው ባዶ ነው፣ የሚያወራ ሰው የለም፣ ክንፉ ብቻ ይሰማል። ኩሬው ሲራቆት ዳሩ ላይ ላባና ኩስ ብቻ ይቀራል። ያኔ እኔም ጋቢዬን አጥፌ አውቶብሱን ለመያዝ እነሳለሁ።