የጌሊክ እግር ኳስ ውጤትን በቅጽበት ለማንበብ

የአየርላንድ ካውንቲ ቡድንን መደገፍ የጀመረ ሰው «1-11 ለ 0-13» የሚል ውጤት ሲያይ ማን እንደመራ ለመለየት መቸገሩ አይቀርም፤ የመጀመሪያው ቁጥር መረብ ላይ ያረፉ ጎሎችን፣ ሁለተኛው ደግሞ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ስታልፍ የሚገኙ ነጥቦችን ያመለክታል። አንድ ጎል 3 ነጥብ ስለሆነ የሁለቱንም ቡድኖች ድምር ከማስላት ይልቅ የጎሎቹን ልዩነት ብቻ በ3 አባዝተው ከነጥቦቹ ልዩነት ጋር ያነጻጽሩ። ከላይ ያለው ውጤት አርማህ በ2024 የመላው አየርላንድ ፍጻሜ ጎልዌይን የረታበት ነው፤ የአንድ ጎል ብልጫው 3 ነጥብ ሲያስገኝለት ጎልዌይ በነጥብ የበለጠው በ2 ብቻ ስለነበር ዋንጫው በ1 ነጥብ ልዩነት ወደ አርማህ ሄዷል። ዘዴው የሚሠራው ሁለቱ ቡድኖች እኩል ያስቆጠሯቸው ጎሎች ልዩነቱን ስለማይለውጡት ነው፤ በዱላና በትንሽ ኳስ ለሚካሄደው የአየርላንድ ጨዋታ ለሃርሊንግም ያገለግላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ በጌሊክ እግር ኳስ ከ2025 ጀምሮ ከጎሉ 40 ሜትር ርቆ ሜዳው ላይ ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ የሚያልፍ ኳስ 2 ነጥብ ያስገኛል። ይህም በሁለተኛው ቁጥር ውስጥ አስቀድሞ እንደ 2 የተደመረ በመሆኑ፣ የ2 ነጥብ ምልክት የሆነው ብርቱካናማ ባንዲራ ሲውለበለብ ስላዩ ብቻ እንደገና አይቁጠሩት።