ቤግል በሳልሞን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭስ የነካው ዓሣ በስሏል ብሎ ማመን። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ስናጥን ወተቱን አናበስለውም፤ ቤግል ለተባለው ቀለበት መሰል ዳቦ የሚቀርበው ሳልሞን የተባለ ዓሣም እንዲሁ ነው። በጨው ከቆየ በኋላ የሚታጠነው በቀዝቃዛ ጭስ ሲሆን ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይበልጥም። ዓሣው ጥሬ ነው። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ጨው ይቋቋማል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርሱ ብትያዝ ለእርሷ ቀላል ትኩሳት የመሰላት ሕመም ጽንሱን ሊያጨናግፍ ይችላል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ዓሣው 74 ዲግሪ እስኪደርስ፣ በደንብ እስኪያተኩስ ድረስ መብሰል አለበት። ከዕንቁላል ጋር ቢጠበስ በጣም ይጣፍጣል።

ቤግልን የአሜሪካ ዳቦ አድርጎ መቁጠር። የፖላንድ አይሁዳውያን ዳቦ ነው። የክራኮው አይሁዳውያን ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1610 ያወጣው ደንብ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ስለሚሰጥ ቤግል ያወሳል፤ ገንፎ ይዞ አራስ ለሚጠይቅ ሕዝብ ይህ ሩቅ ወግ አይደለም። ከሳልሞንና በዳቦ ላይ ከሚቀባው ለስላሳ አይብ፣ ከክሬም ቺዝ ጋር የተጣመረው ግን ስደተኞቹ ኒውዮርክ ከገቡ በኋላ ነው። የአይሁድ የአመጋገብ ሕግ ሥጋና ወተት አንድ ላይ እንዳይበሉ ይከለክላል፤ ዓሣ ግን እንደ ሥጋ ስለማይቆጠር በአብዛኞቹ ማኅበረሰቦች ዘንድ ከወተት ተዋጽኦ ጋር ይበላል።

ሳይቀቀል የተጋገረውን መግዛት። ሊጡ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ፈላ ውኃ ውስጥ ካልተነከረ ያ የሚያብረቀርቅ፣ ሲታኘክ ጠንከር የሚል ቅርፊት አይገኝም። ቀዳዳ ያለው ተራ ዳቦ ነው።

ክሬም ቺዝን እንደ አይባችን መጠቀም። አይባችን ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ጥቂት ነው። ክሬም ቺዝ በአሜሪካ ደንብ መሠረት ቢያንስ 33 በመቶ የወተት ስብ መያዝ አለበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያው 100 ካሎሪ ገደማ ሲሆን ፕሮቲኑ ግን 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ፕሮቲኑን፣ ኦሜጋ 3ና ቫይታሚን ቢ12 የሚሰጠው ዓሣው ነው። ስለዚህ ክሬም ቺዙን በስሱ ይቀቡ፣ ዓሣውን ይጨምሩ።

ጨውን መርሳት። 85 ግራም የታጠነ ሳልሞን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም አለው፤ ሳይታጠን በጨው ብቻ የሚዘጋጀው ሎክስ ደግሞ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን የሚመክረው ከ2000 በታች ነው። ዳቦውም ጨው አለው። ሎሚ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቃሉ።

በጾም ዓሣ የሚበሉ ምእመናን ደግሞ «ዓሣ ነው» ብለው ብቻ እንዳያዙ። ክሬም ቺዙ ያስገድፋል፤ ዕንቁላል የገባበት ቤግልም ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ።