የዲፍረንሻል ክዳን መቀየር ያዋጣል?

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ስር ግቡና የኋላውን አክስል ከጀርባው እዩት። መሃሉ ላይ ያበጠው ዲፍረንሻሉ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍሉት ጥርሶች (ጊሮች) ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ዙሪያውን በቡሎን የታሰረ ክዳን አለው? ከሌለው ነገሩ እዚሁ አለቀ። ብዙ የሃይሉክስና የድሮ ላንድክሩዘር አክስሎች ጥርሳቸው የሚወጣው በፊት በኩል ነው፤ ጀርባቸው ብየዳ ስለሆነ የሚቀየር ክዳን የላቸውም። የኋላ ጎማቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀስ አዳዲስ ኤስዩቪዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲፍረንሻሉ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው በክዳኑ በኩል ስለሆነ፣ እሱን ባትነኩት ይሻላል።

ክዳን ካለው ቀጥታ ልንገራችሁ። አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ወፍራም ክዳን አያስፈልግም። ፋብሪካው የገጠመው ቆርቆሮ ሥራው ዘይት መያዝና ቆሻሻ መከልከል ነው፣ ያንን ደግሞ በደንብ ይሠራል። ገንዘቡን ለጥሩ ዘይት አውሉት።

ድንጋያማ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ግን መልሱ ይለያል። ስሱ ቆርቆሮ ድንጋይ ሲመታው ጠርዙ ይቀለበስና ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ክፉኛ ከጎበጠ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ሊነካ ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው ከወፍራም ብረት ወይም ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ክዳን ዋጋው አይቆጨውም። አልሙኒየም ሙቀት በማውጣት ጎበዝ ነው፣ ግን በኃይል ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ክዳን ሻጮች «ዘይቱን ያቀዘቅዛል» ወደሚሉት እንምጣ፣ ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ጥርስ ሲሽከረከር ዘይቱን ከታች ይዞ ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ዘይቱም የክዳኑን ክብ ግድግዳ ተከትሎ ዞሮ ከፊት ወዳለው የፒኒየን (ትልቁን ጥርስ የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ኩሽኔታ ይደርሳል። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ ክዳን ስትገጥሙ ዘይቱ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ይበተናል፣ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ በደንብ አያለሰልስም። የአሜሪካው የመኪና ዕቃ አምራች ጌል ባንክስ ይህን በሙከራ አሳይቷል፤ እሱም ራሱ ክዳን ሻጭ መሆኑን ግን አትርሱ። ለማንኛውም ውስጡ ክብ የሆነውን ምረጡ። «ተጨማሪ ዘይት ይይዛል» የሚለውም በግማሽ ነው እውነቱ፦ ብዙ ዘይት ቶሎ አይግልም፣ ነገር ግን ከባድ ተጎታች እየሳባችሁ ረጅም ዳገት ስትወጡ ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ መጨረሻ ላይ መጋሉ አይቀርም።

የመሙያ ቀዳዳውን ከፍታም ከድሮው ጋር አስተያዩ። የአዲሱ ከፍ ብሎ ከተሠራ እስከ አፉ አትሙሉት። ዘይት ሲበዛ ይናጣል፣ ይግላል፣ በመተንፈሻ ቱቦውም ይወጣል። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ማግኔት ያለው ማፍሰሻ ነው፣ ምክንያቱም ክዳን ሳይፈታ ዘይት መቀየር ያስችላል።

ለመቀየር ከወሰናችሁ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ በማይንቀሳቀስ መደገፊያ አቁሙ፣ በክሪክ ብቻ ስር አትግቡ። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፤ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ከዚያ የክዳኑን ቡሎኖች ፍቱ፣ ላይኞቹን ሁለቱን ግን ሳታወጡ አላሉና ክዳኑን ከታች በኩል አላቁት። ዘይቱ ወደ ዕቃው ይወርዳል። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ማየት የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ካያችሁ ግን ክዳኑን ተዉትና ጥርሱን አስመርምሩ።

የድሮውን ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በአክስሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ወይም ሲሊኮን ጠርጋችሁ አውጡ፣ ፊቱ ከዘይት የጸዳ ይሁን። አዲሱን ክዳን ሲሊኮን ሳትቀቡ አንዴ ሞክሩት፦ ጥርሱን ይነካል? ቡሎኖቹ ርዝመታቸው ይበቃል? የፊት አክስል ከሆነ ደግሞ መሪው ሲዞር የሚገጨው ዘንግ አለ? ከዚያ በእያንዳንዱ ቡሎን ቀዳዳ ውስጠኛ በኩል የሚያልፍ ያልተቆራረጠ የሲሊኮን መስመር አድርጉ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እያፈራረቃችሁ አምራቹ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) አጥብቁ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት ሳትጠብቁ ዘይት አትጨምሩ። ዘይቱ የመኪናው መመሪያ የሚለው ይሁን፣ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዲፍረንሻል) ከሆነም ዘይቱ ላይ የሚጨመር ልዩ ቅባት ያስፈልገው እንደሆነ አረጋግጡ።

የመተንፈሻ ቱቦውን ሳታጸዱ ከስሩ አትውጡ። እሱ ከተደፈነ ውስጡ ያለው ግፊት ዘይቱን በፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያሽገው ቀለበት) በኩል ይገፋዋል፣ እናንተም ጥፋቱን በአዲሱ ክዳን ላይ ታላክካላችሁ።