ለጓሮ ሞዴል ባቡር ፉርጎ ቦጊ ስትገጥሙ
ሁለቱን ቦጊዎች፣ ማለትም ከፉርጎው ሥር በዳዶ የሚታሰሩትን ጎማ የያዙ ዘዋሪ ክፈፎች፣ እኩል አታጥብቋቸው። የጓሮ ሐዲድ ዝናብና የአፈር መስመጥ ስለሚያጣምመው፣ ሁለቱም ከጠበቁ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀርና ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። የአንዱን ዳዶ ቦጊው በነፃነት እየዞረ ግራና ቀኝ ግን እንዳይወዛወዝ አድርጋችሁ አጥብቁ፤ የሌላውን ግማሽ ዙር ያህል አላሉት። ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል፤ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን የቦጊውን ጎኖች ስታጣብቁ፣ ማጣበቂያው ሳይደርቅ መስታወት ላይ አቁሙት። በየጎማው ሥር ቀጭን ወረቀት ሞክሩ፤ ያለምንም መያዝ ካለፈ ያ ጎማ መስታወቱን አልነካም፣ ወዲያውኑ አስተካክሉት። በሁለቱ መስመሮቹ መካከል 32 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ሐዲድ፣ በአንድ አክስል ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች ውስጠኛ ፊት መካከል 28 ሚሊሜትር ይኑር፤ በካሊፐር (ስፋት በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩት። ከጠበበ ወይም ከሰፋ ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ይሰናከላል።