የቤት ውኃ ግፊት ሲደክም፦ ፓምፕ ከመግዛት በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

የቤት ውኃ ሲሳሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፓምፕ መግዛትን ነው፤ ይሁን እንጂ ችግሩ ያለበት ቦታ ሳይለይ የተገዛ ፓምፕ፣ በተለይ መስመሩ የዛገ የብረት ቧንቧ ከሆነ፣ መጋጠሚያ ከማፈንዳት ያለፈ ነገር ላይሠራ ይችላል።

በቅድሚያ ሩቢኔቶቹን አንድ በአንድ ከፍተው ያወዳድሩ። የደከመው አንዱ ብቻ ከሆነ ወንፊቱን ወይም የሻወሩን ራስ ፈትቶ አሸዋውን ማጠብ፣ ነጭ ቅርፊት ከያዘም ለጥቂት ሰዓታት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ቀዝቃዛው በደንብ እየወረደ ሙቁ ብቻ ከሳሳ የውኃ ማሞቂያው መግቢያና መውጫ ይታይ። ሁሉም በአንድነት ከደከሙ ግን ዋናውን መዝጊያ ይመልከቱ፤ ከጥገና በኋላ በግማሽ ተዘግቶ የሚረሳበት ጊዜ አለ። ታንከሩ ሞልቶና ሩቢኔቶቹ ሁሉ ተዘግተው ቆጣሪው መቁጠሩን ካላቆመ፣ ውኃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ውኃው ያለ ፓምፕ ከሮቶ የሚወርድ ከሆነ ግፊቱን የሚወስነው ከፍታ ነው፦ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይሰጣል። በ3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ውኃው ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ 2 ሜትር ላይ ለተሰቀለ ሻወር የሚያደርሰው 0.1 ባር ገደማ ብቻ ነው፤ ሻወሩ ቢንጠባጠብ አይገርምም። ሮቶውን በሰፊ መለወጥ ውኃው ብዙ ቀን እንዲቆይ ያደርጋል እንጂ፣ የውኃው ከፍታ እስካልጨመረ ድረስ ግፊት አይጨምርም። ማማውን ከፍ ማድረግ፣ ወራጁን ቧንቧ ማስፋትና ክርኖችን (የቧንቧ መታጠፊያዎችን) መቀነስ ግን ይረዳል፤ ቧንቧው ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድበት ጉብታም አየር ስለሚይዝ ቢቀር ይመረጣል።

ፓምፕ የግድ ከሆነ ከታንከሩ በኋላ ይገጠም። በቀጥታ ከከተማው መስመር የሚስብ ፓምፕ የጎረቤትን ውኃ ከመሻማቱም በላይ፣ መስመሩ የተሰነጠቀ ከሆነ ከአፈር ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ታንከሩ ሲደርቅ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም አብሮ ይገጠም፤ ያለ ውኃ የሚሽከረከር ፓምፕ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

የዛገ መስመርን በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) የሚቀይር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የቧንቧው ቁጥር የሚያመለክተው የውጪውን ስፋት ነው። ለሙቅ ውኃ የሚሆነው ባለ ወፍራም ግድግዳ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ሩቢኔት ቅርንጫፍ ቢበቃም ለዋናው መስመር 25 ወይም 32 መጠቀም ይሻላል።